ልጆችን በቤት ስለ ማስተማር
(በዘንገና በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል)



ስለ ደብራችን ሕንጻ ሌሎች በሚገባ ተናግረዋልና፥ እኔ ሕንጻውን ስለሚወርሱት ስለ ልጆቻችን ጥቂት ቃል እናገራለሁ።

በ2016 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ የኔም ሦስት ልጆች ከቤት ዋሉ። ታላቁ የ12፥ ተከታዪቱ የ9፥ ታናሺቱ የ6 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሦስቱንም ባንድነት አስቀምጬ አንድ ትምህርት ሰጠኋቸው። ታላቁ ሰለቸ፥ ታናሺቱ አለቀሰች፥ እኔም ተቈጣሁ፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የንባብ ቤት ሥርዓት ትዝ አለኝ። አንድ የኔታ ብዙ ተማሪ የሚያስተምሩት ሁሉን ባንድ ልክ አድርገው አይደለም። ፊደል ቈጣሪው፥ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበውና ዳዊት የሚደግመው በየደረጃቸው ይቀመጣሉ፤ የላይኛውም የታችኛውን ያስቀጽላል። ቀን በመጽሐፍ፥ ማታ በቃል ይማራሉ።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ብርሃን ሳለ ንባብ፥ ከብት ከገባ በኋላ በእሳት ዳር የቃል ትምህርት ሆነ። ትርጓሜውንም በአፍ መፍቻቸው በአገውኛ ነገርኋቸው፤ ያልገባቸውን ቃል ቢደግሙት ምን ይጠቅማቸዋል?

ታላቁ ታናሺቱን እንዲያስቈጥራት ባዘዝሁት ጊዜ፥ ከራሱ ትምህርት ይጐድልበታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርስዋ 231ዱን ፊደል በተርታ ትወጣው ነበር፤ ተርታው በሚፈርስበት በአቡጊዳ ሲፈትናት ግን ተደናገረች። ሊያርማትም ሲል እርሱ ራሱ ሁለት ፊደል ሳተ። «አባባ፥ ለካ እኔም በቃሌ እወጣው ነበር እንጂ ለይቼ አላወቅሁትም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እኅቱን ለማስተማር ሲል አስቀድሞ ራሱ ያጠና ጀመር።

ነገር ግን ከቀድሞው ሥርዓት ሁሉን አልወሰድሁም። አለንጋውን ተውሁት። ቀድሞ ሴቶች ልጆች ብዙ ጊዜ ከንባብ ቤት ይቀሩ ነበር፤ በኔ ቤት ግን እኩል ተቀመጡ። ደግሞም ሒሳብና የተፈጥሮ ዕውቀት ከኔ አቅም በላይ ናቸውና፥ ቤቴ ትምህርት ቤትን ይተካል አልልም።

ስለዚህ ወገኖቼ ሆይ፥ ትምህርት ቤት ቢከፈትም ቢዘጋም፥ በየማታው አንዲት ሰዓት ለልጆቻችን እንስጥ። ከመካከላችን ማንበብ የማይችል ቢኖር እንኳ፥ ታላቁ ልጅ ታናሹን ሲያስተምር አጠገባቸው ተቀምጦ ይስማ፤ አባት ሲያዳምጥ ያየ ልጅ ትምህርቱን አይንቅምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።