ጓሳ የሚከፈትበት ቀን

የዛሬውን ወጌን ከመንዝ ልጀምር፤ ከጓሳ።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ውርጫም ሜዳ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይውሉበታል። ስሙን ያገኘበት የጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው ብዙ ነገሩ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳ ይሠራበታል። ይህን ሣር አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማጭድ ይዞ የሚገባ የለም። ደርሷል ሲባል ባለርስቶቹ የመረጧቸው አለቆች ይመክሩና የሚከፈትበት ቀን ለሕዝብ ይነገራል። ያን ጊዜ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ይዘጋል።

በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። ጠባቂ የሌለው ሣር የቀደመ ሁሉ የሚያጭደው ሆነና ጓሳ ተጎዳ። ኋላ ግን ነዋሪው በየቀበሌው ተሰብስቦ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ጥበቃ መድቦ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የምንለው ይኸው ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ልነግራችሁ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም በተለምዶ ኤ አይ የምንለው ነገር ወደ ልጆቻችን ደብተር ገብቷል። የከፈተለት አለቃ የለም፤ የመከረበትም ጉባኤ የለም። በታላቅ ወንድም ስልክ፣ በቴሌግራም፣ በቻት ጂፒቲ በኩል ነው የገባው። ተማሪው የቤት ሥራውን ፎቶ ያነሣል፣ ይልካል፣ መልሱን ይገለብጣል። ደብተሩን ብታዩት እንግሊዝኛው የጠራ ነው። «እስቲ ይችን አንድ መስመር አንብብልኝ» ስትሉት ግን ልጁ አንገቱን ይደፋል።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤትን ላስታውሳችሁ። በኛ አገር ማሰብን ለማስተማር ከዚያ የተሻለ ቤት ተሠርቶ አላየሁም። ተማሪው ከመምህሩ መንገዱን ይቀበላል፤ ከዚያ ለብቻው ወደ ጥላው፣ ወደ ጢሻው ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል። ሲመለስ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ ያቃናዋል። ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ ቅኔ ነው። የትናንቱ አይደገምም፤ የሌላ ሰውማ ጭራሽ አይነካም። የጓደኛውን ቅኔ ወስዶ የነገረ ተማሪ የሰረቀው ከጓደኛው ብቻ አይደለም፤ ከራሱ ላይ አንድ ቀን ሰርቋል። ያ ጥላ ሥር ያለው ብቸኝነት፣ ቃሉ አልመጣ ሲል ያለው ጭንቀት፣ ትምህርቱ እሱ ራሱ ነበርና። ማሽኑ ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ድርሰቱን ሲጽፍለት የሚወስድበት ይህንኑ ነው።

«እንግዲህ ይከልከል ነው የምትለው?» የሚለኝ አድማጭ ይኖራል። አይደለም። ጓሳም ለዘላለም አይዘጋም። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ለማን ይከፈት የሚለውን እንምከርበት ነው። ለዚህ ደግሞ የራሳችን ታሪክ ይበቃናል።

በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ መጣ። ያን ጊዜ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበራችሁ አሁን ወላጆች ናችሁ፤ ታስታውሱታላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፋል። አስተማሪው በስክሪኑ ውስጥ በማናውቀው ለዛ እንግሊዝኛውን ያንቆረቁረዋል። ጥያቄ ይሰጥና «ተወያዩ» ይላል፤ ደቂቃዋ ስታልቅ ተወያየንም አልተወያየንም ይቀጥላል። እጅ ብታወጣ አያይህም። «አልገባኝም» ብትል አይሰማህም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ጠፋ፤ ነገ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። የክፍሉ መምህር ደግሞ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በመሐል ቆሞ ይመለከታል። የቴክኖሎጂው ሐሳብ ክፉ አልነበረም፤ በቤተ ሙከራ እጦት ያላየነውን ሙከራ አሳይቶናል። ስሕተቱ መምህሩን ጥግ ማስያዙ ነበር። ተማሪውን በስሙ የሚያውቀው፣ ፊቱን አይቶ እንዳልገባው የሚረዳው እሱ ነበርና።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሙከራ ተደረገ። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ላሉ፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌት ከነሣጥኑ አምጥቶ ያለ አስተማሪ ተወላቸው። ልጆቹ ሣጥኑን ከፍተው ማብሪያውን በደቂቃዎች ውስጥ አገኙት፤ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል እየዘመሩ ነበር፤ በወራት ውስጥ የተቆለፈውን የታብሌቱን ክፍል ፈቱት። ዓለም አደነቀ። እኔም አደንቃለሁ፤ የገጠር ልጅ አእምሮ ምን ያህል የተራበ እንደሆነ ያሳያል። ግን አድማጮች፣ የዘመሩት ኤ ቢ ሲ ዲን ነው። በገዛ ቋንቋቸው ፊደል መቁጠርን በሣጥኑ ውስጥ አላገኙትም።

የቋንቋን ነገር ካነሣሁ ትንሽ ልቆይበት። እነዚህ ማሽኖች የተማሩት በበይነ መረብ ላይ የተከማቸውን ጽሑፍ አንብበው ነው። ከዚያ ውስጥ የአማርኛው ድርሻ ጥቂት ነው። ስለ መንዝና ግሼ፣ ስለ መርሐቤቴ የተጻፈውማ ከጥቂትም ጥቂት። «ቄሮ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ጓሳን ትቶ፣ ቃሉ በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም የታወቀበትን ነገር ሊተርክላችሁ ይችላል። ልጁም አያቱ የጠበቁትን ሥርዓት ከማሽኑ ሳይሰማው ይቀራል።

ፊደላችንም ለማሽኑ ውድ ነው። በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው፣ አንድ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል። «ጓሳ» ሁለት ፊደል ናት፤ በማሽኑ ውስጥ ግን ስድስት ባይት ነች። ደግሞ መጥበቅና መላላትን አንጽፍም። «ገና» ብዬ ስጽፍ፣ አጥብቄ ካነበብኩት በዓሉ ነው፤ አላልቼ ካነበብኩት «ገና ነው፣ አልደረሰም» ማለት ነው። እናንተ ከንግግሬ ለይታችሁ ሰማችሁ። ለአንደኛ ክፍል ልጅ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት የሚቀመጥ ማሽን ይህን ይለይ እንደሆነ፣ ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ የአማርኛ መምህር ቁጭ ብሎ ሊያዳምጠው ይገባል።

ማሽኑ ያነበበው ነገርም ይመረመራል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ዶክተር አበባ ብርሃኔ ከባልደረባዋ ጋር ማሽኖች የሚሠለጥኑበትን አንድ ትልቅ የሥዕል ክምችት ፈትሻ፣ ሰውን በዘሩና በጾታው የሚያዋርዱ ስያሜዎች እንዳሉበት አሳይታለች። በዚህም የተነሣ ባለቤቱ፣ የአሜሪካው ኤም አይ ቲ፣ በ2012 ዓ.ም. ክምችቱን ከአገልግሎት አውጥቶታል። የኛ ሰው ጠይቆ መልስ ማስገኘት ይችላል ማለት ነው።

ሕጉ ከነጭራሹ የለም አይባልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ በሰኔ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጽድቋል። ዩኔስኮም በ2015 ማብቂያ ላይ ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ማሽን በክፍል ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ መክሯል። 13 ዓመት በኛ ሰባተኛ ክፍል ግድም ነው። ወረቀቱ አለ፤ ከሞላሌና ከራቤል መማሪያ ክፍል የሚያደርሰው ነው የጎደለው።

ችግራችን ደግሞ ቀላል አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በክልላችን ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ዓመታቸው ባክኗል። የሦስተኛ ክፍል ትምህርት ያመለጠው ልጅ በዕድሜው አምስተኛ ክፍል ይቀመጣል። እነዚህን ልጆች የሚረዳ ማንኛውንም መሣሪያ መግፋት ኃጢአት ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ነገር ግን በዚያው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አንርሳ። መረቡ ሲዘጋ በመረብ ላይ ያለው አስተማሪም አብሮ ይዘጋል። የቀረው ጠመኔ የያዘው መምህር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለመምህሩ ይከፈት እላለሁ። መምህሩ ወደ ጉድኝት ማዕከሉ ሲወርድ፣ ኔትዎርክ ባለበት ቁጭ ብሎ፣ ክፍል ላመለጣቸው ልጆች አጫጭር ምንባብ ያሠራው፤ በቀላል አማርኛ፣ ስለ በግና ስለ ገብስ፣ ልጁ ስለሚያውቀው ነገር። ያሠራውን ራሱ ያንብበው፣ ስሕተቱን ያርመው፣ አባዝቶ ወይም በሰሌዳ ጽፎ ይስጠው። እንዲህ ሲሆን መብራት በሌለበት ክፍል እንኳ ይጠቅማል። የተማሪዎቹን ስም፣ ውጤት፣ የቤታቸውን ገመና ግን አያስገባበት። ውጤት መስጠትና ልጅን ወደቀ አለፈ ማለት የመምህሩ ዳኝነት ነው፤ ለማሽን አይሰጥም።

ከፍ ላሉት ክፍሎች ቀጥሎ ይከፈት፤ በክፍል ውስጥ፣ በመምህሩ ዐይን ሥር። ማሽኑ ስለ ጓሳ ምን እንደሚል ይጠይቁት፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደው ይጠይቁና የማን ትክክል እንደሆነ ይከራከሩ። የቤት ሥራውም እንደ ቅኔው ይሁን፤ ልጁ የጻፈውን ቆሞ ይናገር፣ ይጠየቅ። ተናግሮ ያስረዳ ልጅ ከየትም ይማር፣ ተምሯል። ለታናናሾቹ፣ ፊደል ለሚቆጥሩት፣ አሁን ይዘጋ። ለእነሱ ጊዜው ገና ነው፤ አላልቼ ያልኩትን ሰምታችኋል።

በመሐል ሜዳ፣ በዘመሮ፣ በዓለም ከተማ፣ በየቀበሌው ያላችሁ ወላጆች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራችሁ «ይህ ነገር በትምህርት ቤታችን ለማን ይከፈት፣ ለማን ይዘጋ?» የሚለውን አጀንዳ አስይዙ። ስለ ኮምፒውተር አናውቅም ብላችሁ አትቅሩ። ርዕሰ መምህሩ ይገኝ፣ ስልኩን የሚያውቁት ወጣቶች ይገኙ፣ ሽማግሌዎቹም ይገኙ። የተስማማችሁበት በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም ለልጆቹ ይነበብላቸው።