ሐኪም የሚሆን ልጅ ከማን ይማራል?
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሰፈራችን ልጆች ሕክምና ትምህርት የገቡ ስላሉ ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው ፈቅዶልኛል። እኔ በጽሕፈት ሥራ ያረጀሁ እንጂ ብዙ የተማርኩ አይደለሁም፤ ይኼን ግን ጠይቄ ተረድቻለሁ።

የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር። ትምህርቱ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ ከስድስት ዓመት አያንስም፤ ቀዶ ጥገና ለሚፈልግ ከዚያ በኋላ ሌላ ዓመታት አሉት።

ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰውን አካል የሚማሩት በሬሳ ነው። አንዳንዶቻችን «ሬሳ የነካ እጅ» እያልን ልጆቹን እንሸሻለን። ይኼ አይገባም። ደም ሥር በየት እንደሚያልፍ በሞተው ላይ ያላየ፣ በሕያው ላይ ምላጭ ቢያነሳ ምን ይውጠናል?

ደግሞስ ያ ሬሳ የማን ነው? በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂ ዘመድ ያልተገኘለት ሰው ነው። ዕድር የሌለው፣ ድንኳን ያልተተከለለት፣ ጡሩምባ ያልተነፋለት። እኛ ቀባሪ አለን ብለን እንኮራለን፤ እኛን የሚያድነን ሐኪም ግን የተማረው ቀባሪ ባጣው ሰው ነው እኮ!

ስለዚህ ተማሪዎቹን እናክብር። በየጉባኤያችንም ለሞቱት አባሎቻችን ስንቆም፣ ስማቸውን የማናውቀውን እነዚያንም «ነፍስ ይማር» እንድንላቸው ሐሳብ አቀርባለሁ።