«ይማርልሽ»

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አስታማሚ ነው።

ከወይጦ ታማሚ ይዞ ወደ ጂንካ የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከቆላው ተነስቶ፣ በቀይ አፈር አድርጎ ሆስፒታል ይደርሳል። ታማሚው አልጋ ያገኛል፤ አስታማሚው ግን ወለል ላይ ጋቢውን አንጥፎ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያድራል። ልቡ ደግሞ ቤት ከቀሩት ልጆችና ከብቶች ጋር ነው።

ጠያቂ ይመጣል። «ጨርሶ ይማርልሽ፤ እንዴት አደረች?» ይላል። «አንቺስ ተኝተሻል? እህል ቀምሰሻል?» የሚል ግን ጥቂት ነው።

አስታማሚዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩት ነገር አለ። «እናቴ ላይ ጮህኩባት።» ይባስ ብሎ፣ «መቼ ነው የሚያልቀው ብዬ አሰብኩ።» ወዲያው ራሳቸውን ይረግማሉ፦ «ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?»

እህቴ፣ ልጅነትሽ ምንም አልጎደለውም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቁጣውን መግታት ይከብደዋል፤ ሰውነት እንዲህ ነው የተሠራው። እኔን የሚያሳስበኝ እርግማኑ ነው። ራሱን ጥፋተኛ ያደረገ ሰው እርዳታ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ሳይጠይቅ ሲቀር ይብስ ይደክማል፤ ሲደክም እንደገና ይጮሃል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመቻቸው ጽሑፎች ለራስ መራራት ምን እንደሆነ አብራርታለች፦ ለራስ ደግ መሆን፣ ድካምና ስህተት የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማስታወስ፣ ስሜትን ሳይክዱም ሳያጋንኑም ማየት። ቃሉ ከሩቅ ይምጣ እንጂ ነገሩን እናውቀዋለን። የጎረቤት ልጅ «እናቴ ላይ ጮህኩ» ብላ ብታለቅስ ምን ትሏታላችሁ? «አይዞሽ፣ ደክሞሽ ነው። ነይ ቡና ጠጪ፤ እስከዚያ እኔ አጠገቧ ልቀመጥላት።» ይህንኑ ለራሳችሁ በሉት፤ ድምፅ አውጥታችሁ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ።

ቀጥሎ ተራ አውጡ። «እርዱኝ» ብቻ ስትሉ ሁሉም «እሺ» ብሎ ይሄዳል። «ሐሙስ ማታ አንተ እደርልኝ» በሉ። ሰው ሲሞት እድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ያ ጉልበት በሕመሙ ጊዜ ቢመጣ ምን ነበረበት?

እያስታመማችሁ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ መከፋቱም ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሂዱና ንገሯቸው። ሞትን የመመኘት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አትቆዩ።

እናንተ ጠያቂዎች ደግሞ፣ ነገ ስትሄዱ «ይማርልሽ» ካላችሁ በኋላ ወንበሩን ስባችሁ ታማሚዋ አጠገብ ተቀመጡ። አስታማሚዋ ፊቷን ትታጠብ፤ አንድ ሰዓት ትተኛ።