የቲሙን ከመነሻ ገንዘቡ በፊት መላ እናስተምረው
(ለአሳዳጊ ቤተሰቦችና ለረጂዎች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂር-ራሕማኒር-ራሒም።

የተከበራችሁ አሳዳጊዎች፣ ውድ ረጂ ወንድሞችና እህቶች፦

የቲምን ማብላትና ማልበስ ምን ያህል ምንዳ እንዳለው ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ዛሬ ላነሳ የምሻው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ልጁ አድጎ ድጋፉ በሚቆምበት ዕለት ምን ይዞ ይወጣል? ብዙዎቻችን መነሻ ገንዘብ ብለን እንመልሳለን። ሆኖም ዕቃው አልሸጥ ሲለው ምን ማድረግ እንዳለበት ያልተማረ ወጣት፣ ገንዘቡ በጥቂት ወራት ያልቅበትና ዳግም የሰው እጅ ጠባቂ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ፣ ለየቲሞች ገንዘባቸውን ከማስረከባችን በፊት እንድንፈትናቸውና ቅን አስተዋይነትን እንድናይባቸው አዞናል። የፊቅህ ሊቃውንትም የፈተናውን ሁኔታ ሲያብራሩ፣ የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ፣ የገበሬ ልጅ ደግሞ በእርሻ ሥራ ይፈተናል ብለዋል። ያላስተማሩትን መፈተን ፍትሕ አይደለምና፣ ፈተናው ማለማመድንም ይጠይቃል።

ታዲያ ምኑን እናስተምር? ሂሳብ መያዝ ግድ ነው፤ ከዚያ ጋር ግን ችግርን መርምሮ መላ መፍጠርን እንጨምርበት። ለዚህ በሰሜን ናይጄሪያ የንግድ ሥራ መምህር የነበሩትን የመሐመድ ባህ አባን ምሳሌ ላቅርብ። እኚህ ሰው ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። መብራት በሌላቸው የገጠር መንደሮች አትክልት በሙቀቱ ቶሎ ስለሚበሰብስ፣ ልጃገረዶች ትምህርታቸውን ትተው በየቀኑ ለመሸጥ ሲወጡ ተመለከቱ። ለነዚያ ቤቶች የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ የማይታሰብ ነበር፤ ሸክላ፣ አሸዋና ውኃ ግን በእጃቸው ነበሩ። መምህሩም ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጠው በመካከሉ እርጥብ አሸዋ ሞሉ፤ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑ። ውኃው በውጪኛው ሸክላ በኩል ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚወጣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። በዚህ ዘዴ በ3 ቀን ይበላሽ የነበረው ደበርጃን እስከ 27 ቀን ቆየ። ሥራ ያጡ ሸክላ ሠሪዎችም እንጀራ አገኙ። ማንበብ ለማይችሉት የመንደር ሰዎች አጠቃቀሙን በድራማ ፊልም አሳዩ። ሐሳባቸው እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማትን አግኝቷል።

ማሰሮው የሚጠቅመው አየሩ ደረቅ በሆነበት ስፍራ ነው፤ እርጥበት በበዛበት ውኃው በቀላሉ አይተንም። ስለዚህ ልጆቻችን ከሁሉ በላይ ሊቀስሙ የሚገባቸው የመምህሩን አካሄድ ነው፦ ችግሩን ቀርቦ ማየት፣ ምክንያቱን መጠየቅ፣ በእጅ ባለው ነገር መሞከር፣ ከዚያም ለሌላው ማሳወቅ።

ይህን በቤታችንም ማስተማር እንችላለን። ለምሳሌ ሳምቡሳ የምትሸጥ ልጅ ግማሹ ተርፎባት ማታ ብትመለስ፣ ዋጋ ቀንሺ ለማለት አንቸኩል። በመጀመሪያ በየትኛው ሰዓት ስንት እንደተሸጠ ለሦስት ቀናት ትጻፍ። ቀጥሎም ምክንያቱን ትፈልግ፦ ስፍራው ነው? ሰዓቱ ነው? ወይስ አጠገቧ ያንኑ የሚሸጥ ሌላ ሰው አለ? ከዚያ ሦስት የተለያዩ መላዎችን ታምጣና በትንሽ ወጪ የሚሞከረውን ትምረጥ። ለአንድ ሳምንት ሞክራ ውጤቱን ከመዝገቧ ጋር ታስተያይ። ባይሳካላት የምታጣው ጥቂት ዱቄትና ዘይት ነው፤ መነሻ ገንዘቧ አይነካም።

እዚህ ላይ የሚፈታተነን የገዛ ራሳችን አዘኔታ ነው። የቲም ነው ብለን ስለምንሳሳለት፣ መፍትሔውን ሁሉ እኛው ፈልገን እንሰጠዋለን። በሌለንበት ቀን ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ አሳዳጊዎች ሆይ፣ ልጁ ችግር ይዞ ሲመጣ መልሱን ከመስጠታችሁ በፊት እሱ ምን እንዳሰበ ጠይቁት። ረጂዎች ሆይ፣ ከመነሻ ገንዘቡ ላይ ጥቂቷን አስቀድማችሁ ለልምምድ መድቡለት። ነጋዴ የሆናችሁ ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት በሱቃችሁ አስቀምጡት፤ የገጠማችሁን እውነተኛ ችግር አቅርቡለትና ሐሳቡን በትዕግሥት አድምጡ። ለዚህ ሰፊ ሀብት አያስፈልግም።

አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን፤ የቲሞቻችንንም ነገ ለሌላው የሚተርፉ ያድርግልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።