«አልነቃም» ባዩ ማነው?

(በልደታ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ከቀረበ ንግግር)



ስለ ንቃተ ኅሊና እናገራለሁ ስል አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ የካድሬ ስብሰባ ተጀመረ እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። አልፈርድባችሁም። ቃሉን ያበላሸው ፖለቲካ ነው። ሐኪሙና ፈላስፋው ግን በዚህ ቃል የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው በውስጡ የሚሰማው፣ የሚያየው፣ «እኔ» የሚለው ነገር አለ ወይስ የለም? ጥያቄው ይኸው ነው። ሲሉት ቀላል፣ ሲይዙት የሚያሟልጭ!

እስቲ ከራሳችን ቋንቋ እንነሣ። ልጅ አድጎ ራሱን ሲለይ «ነፍስ አወቀ» እንላለን። ሕመም የጣለውን ደግሞ «ነፍሱን አያውቅም»። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ኅሊና ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይደበላለቃል። «ኅሊናውን ሳተ» የተባለው ሰው ታሟል፣ ይታዘንለታል። «ኅሊናውን ሸጠ» የተባለው ግን ጉቦ በልቷል! «የኅሊና እስረኛ» ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱንስ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የቋንቋችን ድህነት እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዮችም ለማወቁም ለክፉና ደጉ መለያም አንድ ቃል ነው ያላቸው።

በዚህ ላይ «ንቃት» ተጨመረበት። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ሲጀምር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከተሰጣቸው ሥራ አንዱ ገበሬውን ማንቃት ነበር። ልብ በሉ፣ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶ በሬውን የሚጠምደውን ሰው ነው «አልነቃህም» የሚሉት! ቀጥሎ «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» የሚለው መፈክር መጣ። «ንቃተ ኅሊናው ዝቅተኛ ነው» ማለት የሰው መመዘኛ ሆነ። ማን መዘነው? በምን ሚዛን? ብሎ የሚጠይቅ እንኳ ራሱ ያልነቃ ይባል ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ቃሉ ግን ከወንበሩ አልወረደም። «ሕዝቡ ገና አልነቃም» ሲሉ ባለሥልጣናትንም ሰምተናል፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ተቃዋሚዎችንም ሰምተናል።

አሁን ካድሬውን እዚያው ትተን ወደ ሕመምተኛው አልጋ እንሂድ። «አልነቃም» የሚለው ፍርድ እዚያም አለና።

ሐኪሞች ራሱን የሳተ ሰው ሲገባላቸው በቁጥር ይለኩታል። እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ የወጣ ሚዛን ነው። ዓይኑን ይገልጣል ወይ? ይናገራል ወይ? ሲያሳምሙት ይንቀሳቀሳል ወይ? ዝቅተኛው 3፣ ከፍተኛው 15 ነው። ለድንገተኛ ሕክምና እጅግ ጠቃሚ ነው። ግን አስተውሉ፣ የሚለካው መልስ መስጠቱን ነው። ውስጡ ያለውን አይደለም። መልስ የጠፋው ሁሉ ሰሚ የጠፋው ነው እንዴ?

አይደለም! እ.ኤ.አ. በ2006 አድሪያን ኦወን የተባለ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝ አገር አንዲት የ23 ዓመት ወጣት መረመረ። መኪና ገጭቷት ለወራት ተኝታለች። ዓይኗ ይገለጣል፣ ይከደናል፤ ለማንም ግን አትመልስም። ኤም.አር.አይ. ውስጥ አስገብተው «ቴኒስ እንደምትጫወቺ አስቢ» አሏት። ከዚያ ደግሞ «ቤትሽ ውስጥ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወርሽ ነው» አሏት። አንጎሏ በሁለቱም ጊዜ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው፣ ቦታ ለይቶ ሠራ። «በአጋጣሚ ነው» ያሉ አልጠፉም። በ2010 ግን አንድ ሌላ ሕመምተኛ «አዎ» ለማለት ቴኒሱን፣ «አይደለም» ለማለት ቤቱን እያሰበ ስለ አባቱ ስም ሳይቀር በትክክል መለሰ። በ2024 የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ ሲታዘዙ ምንም ከማያሳዩ 241 ሕመምተኞች 60ዎቹ በአንጎላቸው ትእዛዙን ሲከተሉ አግኝቷል። ከአራቱ አንዱ ማለት ነው! እዚሁ ቅርባችን ጥቁር አንበሳ አለ፣ ባልቻ አለ። አስታማሚ ሆኖ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሽተኛው አጠገብ ቆሞ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ውርሱ የሚማከር ዘመድ አይጠፋም። «ነፍሱን አያውቅም» ብሎ። «እሱ ይሰማል» እያሉ የሚያወሩለት እናቶች ግን ነበሩ፤ እንደ ሞኝ ሲታዩ የኖሩ።

«እሺ፣ መሣሪያው ከመጣ ነገሩ አለቀ» የሚል ካለ፣ ገና ነው። መሣሪያው የሚያየው የደም ዝውውር ነው። ዴቪድ ቻልመርስ የተባለ አውስትራሊያዊ ፈላስፋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚወተውተው ይህንኑ ነው። ቡና ሲቆላ ጢሱ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የትኛውን ነርቭ እንደሚነካ መናገር ይቻላል፤ ለምንድነው ታዲያ ሽታው ለእኔ እንዲህ ሆኖ የሚሰማኝ? ክሪስቶፍ ኮህ የተባለ የአንጎል ተመራማሪ በ1998 «በ25 ዓመት ውስጥ ንቃተ ኅሊናን የሚፈጥረው የአንጎል አሠራር በግልጽ ይታወቃል» ብሎ ከቻልመርስ ጋር በወይን ጠጅ ተወራረደ። በ2023 ኒው ዮርክ ላይ ተገናኙ። ኮህ መረታቱን አምኖ ወይኑን ከፈለ። እንዲህ ያለ ጨዋ ተሸናፊ ለእኛ ፖለቲካ ቢገኝ ምን ነበረበት!

ሳይንቲስቶች የ25 ዓመት ቀጠሮ መያዝ ይችላሉ። ልደታ ፍርድ ቤት ግን (ቀጠሮ ማብዛቱን ብታውቁትም!) ሰውዬው ያን ጊዜ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ የሚለውን ሳይወስን ፋይል አይዘጋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት የድርጊቱን ምንነትና ውጤት መረዳት ያልቻለን፣ ወይም ራሱን መግዛት ያቃተውን ሰው በወንጀል አይጠይቅም። ሕጉ ከካድሬው የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ ማስረጃ ይላል። ጥርጣሬ ሲነሣ አዋቂ ሐኪም እንዲመረምረው ያዛል። ዳኛው የሚገደደው በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ከዚያ አልፎ «በሕግ ይጠየቃል፣ አይጠየቅም» ቢል የእሱ አስተያየት ዳኛውን አያስርም። እንግዲህ ሳይንሱ የደረሰበት ድንበር ላይ ቆሞ የቀረውን መንገድ ብቻውን የሚሄደው ዳኛው ነው፤ ሕመምተኛው አልጋ ዘንድ ደግሞ አስታማሚው።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።