ፎቶግራፍ ማንሣትና ፎቶግራፍ ማቈየት

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ የፎቶግራፍ ሥራ ከፊልም ወደ ዲጂታል ስለ መዛወሩ ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ ጕዳይ መስሎ የሚታያችሁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጕርድ ፎቶግራፍ ያልተነሣ፥ የሠርጉን ወይም የልጁን ክርስትና ፎቶግራፍ በቤቱ ያላኖረ ማን አለ? ስለዚህ ጕዳዩ የኹላችንም ነው።

አስቀድመን የፊልሙን አሠራር እናስታውስ። ፊልም ማለት የብር ጨው ከጄላቲን ጋራ ተደባልቆ የተቀባበት ስስ ፕላስቲክ ነው። ብርሃን ሲነካው ይለወጣል፤ ለውጡ ግን በመድኀኒት እስኪታጠብ ድረስ ለዓይን አይታይም። ታጥቦ ሲወጣ ብርሃኑ ጨለማ፥ ጨለማውም ብርሃን ሆኖ የሚታይበት ኔጋቲቭ ይሆናል፤ ከዚያም በወረቀት ላይ ይታተማል። አንዱ ጥቅል ብዙውን ጊዜ 24 ወይም 36 ሥዕል ብቻ ስለሚይዝ፥ አንሺው ቍልፉን ከመጫኑ በፊት ያስብ ነበር። ተነሺውም ጠጕሩን አበጥሮ፥ ክራባቱን አስተካክሎ፥ ትንፋሹን ይዞ ይቆም ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ ቤል በተባለው ቤተ ሙከራ ሲሲዲ የሚባለውን መሣሪያ ፈለሰፉ። ይህም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ ሥዕል ለመያዝ አገለገለ፤ ሰዎቹም በ2009 ከሌላ ሊቅ ጋራ የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ1975 ደግሞ ስቲቭን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ ያለ ፊልም የሚያነሣ ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ያህል ነበር፤ ሥዕሉ በ10,000 ነጥቦች ብቻ የተሠራ ጥቍርና ነጭ ሲሆን፥ አንዱን ሥዕል በካሴት ክር ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። ዛሬ በኪስ የምንይዘው ስልክ በአንድ ሥዕል ከ10 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ይይዛል። ኮዳክ ግን ትርፉ ከፊልም ይገኝ ስለ ነበረ ወደ አዲሱ ሥራ በሙሉ ልቡ ለመግባት ዘገየና፥ በ2012 በኪሣራ ሕግ ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት አመለከተ። የገዛ ቤቱ ልጅ የወለደው ነገር ቤቱን አናጋው ማለት ነው።

የአዲሱ ካሜራ ጥቅም አያከራክርም። ሥዕሉ ወዲያው ይታያል፤ የተበላሸው ይደገማል፤ ለማሳጠቢያ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ታዲያ ጕዳቱ ከወዴት ነው? ከራሴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ።

አባቴ ከ50 ዓመት በፊት ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣው አንድ ፎቶግራፍ በእናቴ ሣጥን ውስጥ፥ በነጠላ ተጠቅልሎ፥ ማንም ሳያስበው እስከ ዛሬ አለ። እናቴን ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታትዋ በስልኬ ብዙ ጊዜ አንሥቻት ነበር፤ በፋሲካ፥ በዕንቍጣጣሽ፥ ቡና ስታፈላ፥ የልጅ ልጆችዋን ስትመርቅ። ካረፈች በኋላ ስልኩ ታክሲ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ዛሬ የአባቴን ፊት ለልጆቼ አሳያለሁ፤ የእናቴን የመጨረሻ ዘመን ግን በቃል እተርክላቸዋለሁ።

ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ የእኔ ነው። ወረቀትንም ቢሆን እሳትና እርጥበት ያጠፉታል፤ የቀለም ፎቶግራፍም ይደበዝዛል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የታተመ ፎቶግራፍ ተረስቶም ቢሆን ሊኖር ይችላል፤ ዲጂታሉ ግን ካልታሰበለት ይጠፋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እመክራለሁ። አንደኛ፥ ከብዙው ሥዕል ዋና ዋናውን ምረጡ፤ ሺህ ሥዕል ያለው ሰው አንዱንም አይመለከትምና። ሁለተኛ፥ የመረጣችሁትን ቢያንስ በሁለት ልዩ ልዩ ዕቃዎች ላይ ገልብጡ፤ አንዱንም ከቤታችሁ ውጭ፥ በታመነ ዘመድ ዘንድ አኑሩ። ሦስተኛ፥ በያመቱ ጥቂቶቹን በወረቀት አሳትማችሁ፥ በጀርባው የሰዎቹን ስም፥ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። የአሮጌውን ዘመን ኔጋቲቭም በስካነር ገልብጠናል ብላችሁ አትጣሉት።

በመሥሪያ ቤታችን ከኹሉ ያነሰችው ደብዳቤ እንኳ ግልባጭዋ በመዝገብ ቤት ሳይቀር አትወጣም። ለቢሮ ደብዳቤ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለወላጆቻችን ፊት አንድ ግልባጭ መንፈግ ይገባናልን? ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሱ፥ ስልካችሁን ከማኖራችሁ በፊት አንዱን ሥዕል መርጣችሁ ጀምሩ።