ሕያው ማዳበሪያና የኦቾሎኒ ጥማት



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ በምሥራቅ ሐረርጌ፥ ይልቁንም በባቢሌና በፈዲስ የሚኖረውን ገበሬ የሚመለከት ነው። በዚያ አገር አሸዋማ መሬት ላይ ከሚበቅሉት የቅባት እህሎች ዋነኛዋ ኦቾሎኒ ናት፤ ብዙ ሰው ለውዝ ይላታል። ከፍሬዋ ግማሽ የሚጠጋው ዘይት ነው። የቤተ ሰቡ ልብስና የልጆች ደብተር የሚገዛው ከእርሷ ሽያጭ ነው። ዝናቡ ግን የሚታመን አይደለም፤ ዘግይቶ ይጀምራል ወይም ቀድሞ ይሄዳል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ መካከል ላይ ሲቋረጥ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ስለ ሕያው ማዳበሪያ የሰማ ገበሬ የድርቅ መድኃኒት አገኘሁ ቢል አይፈረድበትም። ተስፋው ግን ሊመረመር ይገባል።

ሕያው ማዳበሪያ የተባለው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ከአየሩ ከመቶ 78 እጅ የሚሆነው ናይትሮጅን ሲሆን፥ ተክል በቀጥታ ሊመገበው አይችልም። ሄልሪገልና ዊልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1886 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ አስረዱት፥ የጥራጥሬ ወገኖች ይህን ምግብ የሚያገኙት በሥራቸው ዕባጭ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት አማካይነት ነው። ኦቾሎኒም ከጥራጥሬ ወገን ናትና ከዚህ በረከት ትካፈላለች። ኑግና ሰሊጥ ግን ይህ ዕባጭ የላቸውም፤ ለኦቾሎኒ የተዘጋጀውን ማዳበሪያ ለእነርሱ መግዛት ገንዘብን መበተን ነው።

ይሁን እንጂ ሕያው የሆነ ነገር ሁሉ ይጠማል። ባክቴሪያው የሚሠራው ተክሏ በምትመግበው ስኳር ነው። ውሃ ሲያጥራት በቅጠሏ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ትዘጋለች፤ ስኳሩ ይቀንሳል፤ የዕባጩም ሥራ ይደክማል። በጋለ ደረቅ አፈር ላይ የወደቀው ባክቴሪያማ ብዙው ሥር ሳያገኝ ይሞታል።

ከዚህ የሚብሰው የፍሬዋ ነገር ነው። ኦቾሎኒ በተዘራች በአንድ ወር ገደማ ታብባለች፤ ከአበባውም በኋላ መርፌ የመሰለ ዘንግ ወደ መሬት ትሰዳለች፤ ፍሬው የሚቋጠረው በዚያ ጫፍ፥ ከአፈር በታች ነው። ላይኛው አፈር ደርቆ ከጠነከረ መርፌው አይገባም። ቢገባም፥ ፍሬው ካልሲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር በቅርፊቱ በኩል የሚወስደው ከዙሪያው አፈር እርጥበት ነውና፥ እርጥበት ሲጠፋ ባዶ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ይህን ጉድለት የሚሞላ ባክቴሪያ የለም። ድርቁና ሙቀቱ በመከር ዋዜማ ሲመጣ ደግሞ ሻጋታ ይከተላል፤ አፍላቶክሲን የተባለውን፥ ጉበት የሚጎዳውን መርዝ ያመነጫል፤ ነጋዴውም እህሉን አይቀበልም።

እንግዲህ አስቀድሞ የሚያዘው ውሃው ነው። ትልሙን በተዳፋቱ አግድም ማውጣትና በየመካከሉ በአፈር መገደብ፥ የወረደው ዝናብ ሳይሸሽ በዚያው እንዲሰርግ ያደርጋል። ድካም አለው፤ ዋጋው ግን ጉልበት ብቻ ነው። ማዳበሪያው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ፀሐይ ሳያገኘው በጥላ ሥር ከዘሩ ጋር ይለወስ፥ በዚያውም ቀን እርጥብ መሬት ላይ ይዘራ።

ኦቾሎኒ ለብዙ ዘመን በተዘራበት ማሳ ባክቴሪያው ራሱ በአፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይህንን ለማወቅ ተክሏ ስታብብ አንዷን በጥንቃቄ ነቅሎ ዕባጩን በጥፍር መሰንጠቅ ነው፤ ውስጡ ቀይ ከሆነ በሥራ ላይ ነው፥ የሚገዛውም ማዳበሪያ የሚጨምረው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ዕባጭ ከሌለ ወይም ውስጡ የገረጣ ከሆነ፥ በሚመጣው ክረምት በማሳው አንድ ጥግ ብቻ ሞክሮ ምርቱን ለየብቻ መመዘን ነው።